መዶሻውን አብረው የያዙ ባልና ሚስት

በየአጥቢያችን በኮሚቴው፣ በእድሩ፣ በቀበሌው ሥራ ደከመኝ ሳይሉ የሚሮጡ ወንድሞች አሉ። መልካም ነው! ነገር ግን ሚስቶቻቸው በዚህ ሩጫ ውስጥ የት ናቸው? በዚህ ጉዳይ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጂሚ ካርተር ትዳር ያስተምረናል።

እ.ኤ.አ. በ1953 አባታቸው ሲሞቱ፣ ካርተር ከባሕር ኃይል ወጥተው ወደ ትውልድ ከተማቸው ወደ ፕሌይንስ ለመመለስ ወሰኑ። ባለቤታቸውን ሮዛሊንን ግን አላማከሩም። እርሳቸውም አኩርፈው ነበር የተጓዙት። መኖሪያቸው መንግሥት ለችግረኞች የሠራው ቤት ሆነ። ካርተር በ1955 የአካባቢው ትምህርት ቦርድ አባል ሆኑ። በ1962 ለጆርጂያ ሴኔት ሲወዳደሩም የወሰኑት ሚስታቸውን ሳይጠይቁ ነበር።

ታዲያ ይህን ትዳር ምን ለወጠው? አብሮ መሥራት ነው። ሮዛሊን የኦቾሎኒ ንግዳቸውን ሒሳብ መያዝ ጀመሩ። ቀስ በቀስም ባልየው የሚስታቸውን ምክር መፈለግ ለመዱ።

በ1981 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ይህ ኅብረት ይበልጥ አበበ። በ1984 ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር በአውቶቡስ ኒው ዮርክ ሄደው፣ ለ19 ቤተሰቦች የሚሆን የፈራረሰ ሕንፃ አደሱ። ሮዛሊን መጀመሪያ መዶሻ አልይዝም ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ምስማር መምታት ለመዱ። ሁለቱ ከሃቢታት ፎር ሂውማኒቲ ጋር ከሠላሳ ዓመታት በላይ ሲያገለግሉ፣ በ14 አገሮች 4,390 ቤቶች ሲሠሩና ሲታደሱ ተካፍለዋል። በ2019 ካርተር በ95 ዓመታቸው ወድቀው ፊታቸው በ14 ስፌት ቢሰፋም፣ በማግስቱ ናሽቪል በሥራው ቦታ ተገኝተዋል።

ትዳራቸው ሮዛሊን በ2023 እስኪያርፉ ድረስ 77 ዓመት ጸና። ካርተርም በ2024 መጨረሻ፣ በ100 ዓመታቸው ተከተሏቸው።

ወንድሜ ሆይ፣ አገልግሎት ስትጠየቅ «እሺ» ከማለትህ በፊት ቤትህ ገብተህ ተማከር። እህቴ ሆይ፣ የማልችለው ነው ብለሽ ዳር አትቁሚ፤ ምስማሩ በልምምድ ይገባል። በዚህ ሳምንት ሁለታችሁ አብራችሁ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ምረጡ። የአንዲት መበለት ጣሪያ ማደስም ይሁን የጎረቤት አጥር ማቃናት፣ ትንሽ ነው አትበሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ!