አስታማሚውን ማን ያስታምመዋል?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ በወረርሽኝ ዘመን ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ያደሩትን ነርሶች ይመለከታል።

የኮሮና በሽታ ባገራችን መጀመሪያ የታወቀው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይነቱ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. እስኪያስታውቅ ድረስ ባገራችን ከ7,500 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ይኸው ድርጅት እንደ ገመተው፣ በመጀመሪያዎቹ 17 ወራት በዓለም ላይ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። የሞተው በቁጥር ታወቀ፤ በሕይወት ተርፎ መንፈሱ የቆሰለው ግን በየትኛው መዝገብ ገባ?

እኔ በመንዝ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ካስተማርኋቸው ልጆች አንዲቱ ነርስ ሆና በዚያ ጊዜ ለብቻቸው የተለዩ ሕሙማንን ትጠብቅ ነበር። ባለቤት ቤቷ «በሽታ ታመጪብናለሽ» ብለው ዕቃዋን አስወጡባት፤ ጎረቤትም ቡና ላይ ሲኒዋን ለየባት። በሽታው ጋብ ካለ በኋላ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ላለቃዋ ብትነግር «ደክሞሽ ነው፤ ያልፋል» ተባለች። ለእኔ ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፤ ሰውዬው ሲሞቱ እጃቸውን የያዝሁ እኔ ነበርሁ። ለልቅሶአቸው ግን መሄድ አልቻልሁም፤ ብሄድስ ማን ያስጠጋኛል?»

ይህን ነገር አንባቢ በጥሞና እንዲመለከተው እለምናለሁ። የመንዝም ሆነ የመርሐ ቤቴ ሰው ሐዘንተኛን ብቻውን አይተውም። እድርተኛው ይሰበሰባል፤ እዝን ይመጣል፤ ቢያንስ ሦስት ቀን ሰው ከጎኑ አይለይም። ይህም የሚደረገው ያልተለቀሰ ሐዘን ሰውን እንደሚጎዳ አባቶቻችን ስላወቁ ነው። ነርሷ ግን ባንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ሰው በእጇ ሲሞት አይታ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ወደሚቀጥለው አልጋ ትሄዳለች። ለእርሷ የተቀመጠላት ሰው የለም።

በመንዝና በግሼ ደግሞ ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሽታው ገና ሳይለቅ፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጦርነቱ እስከዚህ አገር ዘለቀ፤ በክልሉም ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘረፉ። በፊተኛው ሐዘን ላይ ሌላ ሐዘን ተደረበ።

«ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚሁ ሥራ አይደለምን?» የሚሉ አሉ። ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው እንጂ የቁስል መድኃኒት አይደለም። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ደጉ ሳምራዊ ስንማር፣ ስለ ቁስለኛው ሁላችንም እንጠይቅ ነበር፤ ስለ ሳምራዊው ድካም የጠየቀ ግን አልነበረም። ሌሎችም ጸበል ይበቃል ይላሉ። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ሐኪሙም አብሮ ይኑር ነው የምንለው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ጉዳይ በእጃችሁ ላለ ወገኖቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የሥራ ላይ ጉዳትን ሕግ ያውቀዋል፤ እግሩ የተሰበረ ሠራተኛ ማስረጃ ሲያመጣ እንደሚታመን ሁሉ፣ በሥራው ምክንያት መንፈሱ የታመመውም የሐኪም ማስረጃ ሲያመጣ ይታመን፤ የሕመም ፈቃዱም ሳያንገራግሩ ይሰጠው። ሁለተኛ፣ ለአማካሪ የተናገረው ቃል ከግል ማኅደሩ ጋራ አይቀላቀል፤ ብዙዎቹ ዝም የሚሉት ዕድገታቸው እንዳይሰናከል ፈርተው ነውና። ሦስተኛ፣ በአማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ከጀመሩ ብዙ ዓመት ስለ ሆነ፣ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ በየወሩ መሐል ሜዳን፣ ራቤልንና ዓለም ከተማን እየዞረ ነርሶቹን ቢያነጋግር፣ ወጪው አንድ መኪናና አንድ የውሎ አበል ነው። ከባዱ ክፍልም ለአንድ ሰው ብቻ እንዳይጫን በተራ መሥራት ገንዘብ አይጠይቅም።

የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እያጨስን እናስበዋለን። ወረርሽኝ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ የምንጠራቸው እነዚሁኑ ነርሶች ስለ ሆነ፣ ዛሬ በሰላሙ ጊዜ እንዲታሰብላቸው የሚመለከታቸውን ክፍሎች በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከመንዝ