«እርስዎ ይረፉ»

«እርጅና ብቻህን ና» ይላል ያገራችን ሰው። እርጅና መምጣቱ እንደማይቀር ዐውቆ፥ በሽታን ጓደኛ አድርጎ እንዳይመጣ መለመኑ ነው። ልመናው መልካም ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን በአንድ በኩል እንዲህ እየለመንን በሌላው በኩል ለጓደኛው በር የምንከፍት መሆናችንን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናመለክት እንወዳለን።

ነገሩ የሚጀምረው ከአክብሮት ነው። አባት ስድሳ ዓመት ሞልቷቸው ጡረታ ሲወጡ፥ እናትም ልጆቻቸውን ድረው ሲጨርሱ፥ ቤተ ሰቡ በሙሉ «እርስዎ ይረፉ» ይላል። እናት ጀበናውን ሊያነሡ ቢሉ ከእጃቸው ይቀሟቸዋል፤ አባት ዳቦ ልግዛ ብለው ጋቢያቸውን ቢደርቡ «ምን ሲደረግ! ልጅ ይላካል» ይባላሉ። ምግብ ሶፋው ድረስ ይቀርብላቸዋል፤ የእጅ ውሃ እንኳ ካሉበት ይመጣላቸዋል። ይህን የሚያደርጉ ልጆች የተመረቁ ልጆች ስለ ሆኑ ማንም ሊነቅፋቸው አይችልም። ሆኖም «ዐረፈ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም ያለው መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

የሰው ጡንቻ ካልሠራ ይከሳል። ከጎልማሳነት በኋላ ጥቂት በጥቂት እየቀነሰ መሄዱ የተፈጥሮ ነገር ቢሆንም፥ መቀመጥ ያፋጥነዋል። ጭን ሲደክም ከመቀመጫ ለመነሣት እጅን መደገፍ ይመጣል፤ ቀጥሎ ደረጃን መፍራት፥ ከዚያም መውደቅ። በስተርጅና የወደቀ ሰው ዳሌው የተሰበረ እንደ ሆነ፥ እንደ ቀድሞው ሳይራመድ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ደረት ማስፋትና ስለ ቁመና ማማር አይደለም፤ አንድ ሰው ያለ ደጋፊ ወደ መጸዳጃ ቤት መሄድ ስለ መቻሉና ስላለመቻሉ ነው።

«ካረጁ በኋላ ደግሞ ምን ጡንቻ ይበቅላል?» የሚሉ አይጠፉም። ለነዚህ የሚሆን መልስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990 ከአሜሪካ ተገኝቷል። በቦስተን ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ፥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ዓመት የሆነ 10 ደካማ ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሱት የዘጠኙ ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ማለት ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ። ለዘጠና ዓመት ሰው ያልረፈደ ነገር ትናንት ጡረታ ለወጣ ሰው ረፍዷል ማለት እንዴት ይቻላል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መምሪያ፥ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያም በላይ የሆነ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፥ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን፥ ሦስት ቀን ደግሞ የሰውነትን ሚዛን የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ቁጥሩ አያስደንግጥ። ለመነጋገር የሚያስችል፥ ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይተርፍበት ርምጃ በቀን ግማሽ ሰዓት፥ በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 150 ደቂቃው ሞላ። ለጡንቻው እጅን ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ፤ ለሚዛኑ ግድግዳ ይዞ ባንድ እግር መቆም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። እንዲያውም አያቶቻችን ዝቅ ካለው ዱካ በቀን ሃያ ጊዜ ሲነሡና ሲቀመጡ፥ ስሙን ሳያውቁት ጂምናስቲክ ይሠሩ ነበር፤ ሶፋ ሲገባ ዱካው ወጣ።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ደም ብዛት ያለበት ሰው ጨው መቀነስ እንዳለበት ሐኪሙ ነግሮታል፤ ችግሩ ወጥ ሠሪዋ አለመስማቷ ነው። ምስሩና እንቁላሉ ግን ለልጆች ብቻ የተፈቀደ አይምሰል፤ ጡንቻ የሚሠራው ከዚያው ነው። የልብ ሕመም ወይም የስኳር በሽታ ያለባቸው፥ ለብዙ ጊዜም ተቀምጠው የቆዩ ሰዎች፥ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ማማከራቸውና ከአሥር ደቂቃ መነሣታቸው የተሻለ ነው።

እንግዲህ ነገ ጧት አባት ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ዳቦ ቤት ሲነሡ ልጆች ከበሩ ላይ ገለል ይበሉላቸው። ከበሩ ውጭ ክዳኑ የተነሣ የቦይ ጉድጓድና የተፈነቃቀለ የእግረኛ መንገድ የሚጠብቃቸው መሆኑን አላጣነውም። ያ ግን የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ስለ ሆነ በሌላ እሑድ እንመለስበታለን።