ልጅ የሚይዝ ወንበር የለም

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ሕፃን ዕቃ ማንም ሳይከራከር የተቀበለው አንድ መለኪያ አለ፦ ጥሩ የልጅ ወንበር ማለት እናትን የሚያሳርፍ ወንበር ነው። ልጁ ብዙ ከቆየበት፣ ካላለቀሰ፣ ሰው ካልፈለገ ወንበሩ ተመሰገነ። ሻጩ በዚህ ይሸጣል፣ ገዢው በዚህ ይገዛል፣ አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ዘመድም ገንዘብ አዋጥቶ ይህንኑ ይዞ ይሄዳል። እኔ መለኪያው ተገልብጧል እላለሁ። ለትንሽ ልጅ የሚሠራ የሚወዛወዝ መቀመጫ መመዘን ያለበት አዋቂውን ምን ያህል ከልጁ አጠገብ እንደሚያቆይ ነው። አዋቂው ተነሥቶ ሲሄድ መወዛወዙን የሚቀጥል ወንበር የቱንም ያህል ቢያምር ከንድፉ ጀምሮ የተበላሸ ነው።

ነገሩን ሰንጋ ተራ ሰፈር ላይ ማየት ይቀላል፤ ጫፍና ጫፉ እዚያው ይገናኛልና። በአንድ በኩል የባንክ ሕንፃዎች ተደርድረዋል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ከአካባቢው አይርቅም። በሌላ በኩል የ40/60 ፕሮግራም ኮንዶሚኒየሞች አሉ። በ2009 ዓ.ም. የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ዕጣ ሲወጣ 972 ቤቶች ለዕድለኞች የደረሱት እዚህና ክራውን በተባለው ሳይት ነው። ከሕንፃዎቹ ሥር ደግሞ ጀበና ቡናው፣ ጉሊቱ፣ ሱቁ አለ። ባንክ የምትሠራው እናት፣ ፎቅ ላይ ልጅ የምትጠብቀው ሞግዚት፣ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ሴት ኑሯቸው አይገናኝም፤ ጭንቃቸው ግን አንድ ነው። እጃቸው በሥራ ተይዟል፣ ልጁ ደግሞ እጅ ይፈልጋል።

ገበያው ለሦስቱም የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው። ከሱቆቹ በአንዱ ደጃፍ የቆመውን መቀመጫ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሁለት የታጠፉ የብረት እግሮች፣ በላያቸው የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ከፊቱ ሦስት አሻንጉሊት የተንጠለጠለበት ቅስት፣ በጎኑ የባትሪ ሳጥን አለው። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ይወዛወዛል፣ ሌላውን ሲጫኑት ይዘፍናል። ማሰሪያው የሚይዘው ወገብን ብቻ ነው፤ በእግሮች መሀል የሚያልፍ ቀበቶ የለውም። ማስጠንቀቂያው ከመቀመጫው በታች ተሰፍቷል፤ በእንግሊዝኛና በቻይንኛ። ባለሱቁ አንዲት ደንበኛ ስታየው፣ «እህቴ፣ ይሄ ልጁን ይይዝልሻል፤ አንቺ ወደ ሥራሽ ነው» አላት። «ስንት ሰዓት ይቀመጥልኛል?» አለችው። «እንቅልፍ ወስዶት እስኪነቃ!» አላት፤ እንደ ትልቅ ምርቃት።

ባለሱቁ አልዋሸም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። መወዛወዝ በእርግጥ ያረጋጋል። በጃፓን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ከስድስት ወር በታች የሆኑ ሕፃናት እናታቸው ተሸክማቸው ስትራመድ ለቅሷቸው እንደሚበርድና የልብ ምታቸው እንደሚረጋጋ አሳይተዋል፤ ቁጭ ብላ ስታቅፋቸው ግን ያን ያህል አልሆነም። በ2022 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የሚወዛወዝ አልጋም ለቅሶ እንደሚያበርድ አገኘ። እሹሩሩ የሚሉ ሴቶች ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። እንግዲህ ወንበሩ ይሠራል። ስለሚሠራም ልጁ እዚያው ላይ ይተኛል፤ አደጋው የሚጀምረውም ከተኛ በኋላ ነው።

የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲመዛዘን ከባድ ነው፣ አንገቱም ገና አልጠናም። ጋደል ባለ መቀመጫ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይዘነበላል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል፣ እንደ ገለባ የቀጠነው የአየር ቧንቧውም ሊታጠፍ ይችላል። አየር ያጠረው ሕፃን አይጮኽም። ማድ ቤት ያለው ሰው ጸጥታውን ሲሰማ «ተመስገን፣ ተኛልኝ» ይላል።

ፊሸር ፕራይስ «ሮክ ኤንድ ፕሌይ» የተባለውን ጋደል ያለ የሕፃን መተኛ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ከገበያ ሲሰበስብ 4.7 ሚሊዮን ያህል ተሽጦ ነበር። ያኔ የታወቀው ሞት ከ30 በላይ ነበር፤ በ2023 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ሪፖርት የተደረገለት ቁጥር ወደ 100 ደርሷል። በ2022 አገሪቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ጋደል የሚሉ የሕፃን መተኛዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከለከለች። በዚያው ዓመት ኮሚሽኑ በዚሁ ኩባንያ የሚወዛወዙ መቀመጫዎች ከ2009 እስከ 2021 ድረስ 13 ሕፃናት እንደሞቱ ገልጾ፣ ልጅ እንዳይተኛባቸው አስጠንቅቋል። ይህ ሁሉ የሆነው ዕቃ የሚመረመርበት፣ ሞት የሚመዘገብበት፣ አምራች የሚጠየቅበት አገር ውስጥ ነው።

ሕፃኑ ቆሞ የሚንሸራተትበት ዎከርም የዚሁ «ይይዝልሻል» የሚል አስተሳሰብ ልጅ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ዎከር እንዳይሸጥ ከልክላለች። በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከ230 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከ15 ወር ያልዘለለ ሕፃናት በዎከር ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል፤ አብዛኞቹ ከደረጃ ወድቀው ነው። እኛ ደግሞ ዎከሩን ፎቅ ላይ ይዘን ወጥተን፣ የቤቱን በር ለአየር ብለን ከፍተን፣ ከበሩ እስከ ደረጃው ያለውን ጥቂት እርምጃ ለልጁ እንተውለታለን።

ከሌላ ዕቃ ጋር የሚያያዘው መቀመጫስ? እዚህ ላይ ጥሩ ሐሳብ ነበረ፤ ያበላሸው ቅጂው ነው። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ የሚጣበቀው የልጅ መቀመጫ የተነደፈው ቤተሰቡ በከባድ የእንጨት ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ ለሚበላበት ቤት ነው። በእኛ ሳሎን ያለው ጠረጴዛ አብዛኛውን ጊዜ ከሶፋው ፊት የሚቀመጠው ዝቅተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜም ላዩ መስተዋት ነው። የምንበላው በመሶብ ወይም በትሪ ዙሪያ ነው፣ ቡና የምናፈላው በርጩማ ላይ ተቀምጠን ነው፣ መንገድ ዳር ያለችው ደግሞ የተቀመጠችበት የላስቲክ በርጩማ ወጣ ገባ ኮብልስቶን ላይ ነው። መስተዋት ላይ መቆንጠጫ አጥብቆ ልጅ ማንጠልጠል ድፍረት ነው። ይህን ዕቃ ያመጣ ሰው ከምን ጋር እንደሚያያዝ አልጠየቀም።

በዚህ መሀል አንድ ጥንታዊ መልስ ብቅ ይላል፦ «ወደ አንቀልባችን እንመለስ»። የለፋ ቆዳ፣ በዛጎል ያጌጠ፣ ጠፍሩ በትከሻና በወገብ የሚያልፍ አንቀልባ የሚያምር የእጅ ሥራ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልጁን ከሰው አካል ጋር ያያይዘዋል። ሆኖም የሚያወድሱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዝሉት አይደሉም። ሲታዘል የኖረው በእናት ወገብ፣ በታላቅ እኅት ትከሻ፣ ከገጠር በመጣች ልጅ እግር ሠራተኛ ጀርባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ ታስሮ መቆየት የለበትም ሲል በጋሪና በወንበር ላይ አላቆመም፤ ጀርባ ላይ መታዘልንም አብሮ ጠቅሷል። አሥር ኪሎ ልጅ አዝሎ ፍም ላይ ማጎንበስም እንደ ባህል ብቻ የሚታይ ጉዳይ አይደለም። ከአንቀልባ የምወስደው መርሑን ነው፦ ልጁን የሚያወዛውዘው የአዋቂው እንቅስቃሴ ነው፤ አዋቂው ከሄደ ልጁም አብሮ ይሄዳል።

በዚህ መርሕ የሚሠራ መቀመጫ ምን ይመስላል? ሞተርና ባትሪ የለውም። ዝቅ ያለ ነው፤ ልጁ ቢንሸራተት እንኳ መሬቱ ቅርብ ነው። ከቱቦላሬ የታጠፉ ሁለት ቀስት እግሮች አሉት፤ አንድ ዘንግ ከአዋቂው በርጩማ ጋር ያያይዘዋል፣ በዘንጉ ጫፍ ያለው ሰሌዳም በተቀመጠችው ሴት ክብደት ይያዛል። ስታፈላ፣ ስትለቅም፣ ስትቆጥር እግሯን በቀስታ ስትገፋ ልጁ ይወዛወዛል። ስትነሣ ክብደቷ ከሰሌዳው ይለቃል፣ መቆሚያው ይወርዳል፣ ወንበሩ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ልጁ ይነቃነቃል፣ ቅር ይለዋል፣ ይጠራታል። አምራቾች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን የዕቃው ዋና ሥራ ይኸው ነው እላለሁ።

ዘንጉ የሚገባበት ጎንም መወሰን አለበት። ከሰል ማንደጃውና ጀበናው በቀኝ ከሆኑ ልጁ በግራ ይሆናል፤ የእናቱ አካል በእሳቱና በእሱ መሀል ይቆማል፣ እጁ ቢዘረጋ ስኒውን እንኳ አይነካም። ዘንጉ በሁለቱም ጎን እንዲገባ ሆኖ ከተሠራ አደጋ ነው፤ አንድ ቀን ቸኩሎ በተሳሳተው ጎን የሚያስገባው ሰው አይጠፋም። ማሰሪያው ትከሻን፣ ወገብንና የእግር መሀልን ይይዛል። መደገፊያው ከተወጠረ ጠንካራ ሸራ እንጂ ከሚሰምጥ ስፖንጅ አይሠራም። በጀርባው ላይ በትልቁ በአማርኛ እንዲህ ይጻፋል፦ ራሱን ችሎ መቀመጥ ላልጀመረ ልጅ አይሆንም፤ ከተኛ አንሥተው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባው ያስተኙት።

ይህን ለመሥራት ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። ብየዳ ቤቶቻችን ከዚህ የከበደ ይሠራሉ፤ ሸራና ቀበቶውም መርካቶ ሞልቷል። ከሰንጋ ተራ በእግር በሚደረስበት ርቀት ሜክሲኮ ተግባረ ዕድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ልደታ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት፣ ከዚያም የሕፃናት ሐኪሞች ያሉበት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አሉ። ብረት የሚያጥፍ፣ ንድፍ የሚነድፍ፣ የልጅ አንገት የሚያውቅ ሰው በአንድ ክፍለ ከተማ ዙሪያ ተቀምጦ፣ የእኛ ልጆች ግን ለሌላ ቤት ወለል የተሠራ ዕቃ ላይ ይታሰራሉ። አራተኛዋ ባለሙያ ደግሞ ቡና የምታፈላው ሴት ናት። በርጩማዋ ስንት ጊዜ እንደሚነሣ፣ እግሯ የቱ ጋ እንደሚያርፍ፣ ደንበኛ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ንድፉ እሷ ዘንድ ሳይደርስ፣ በአሸዋ ከረጢት ተጭኖ ሳይፈተን ልጅ ሊቀመጥበት አይገባም።

«ድሃ እናት ምርጫ የላትም፤ ከወንበሩ ካልተወችው የት ታድርገው?» የሚለው መቃወሚያ ከሁሉም የከበደ ነው። እውነት አለው። ግን ጥያቄው የቀረበው ለተሳሳተ አካል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 90 ቀን ነው። የሦስት ወር ልጅ ገና አይቀመጥም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውን ችለው የሚቀመጡት ወደ ስድስት ወር ገደማ ነው። በሁለቱ መሀል ያለውን ሦስት ወር የምትሸፍነው ሞግዚት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አዋጁ ራሱ የማያቅፋት የቤት ሠራተኛ ናት። ቡና የምታፈላው ሴት ቀጣሪ ስለሌላት 90 ቀኑም የላትም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ትእዛዙ ግን ኮንዶሚኒየም ሥር ቡና የምታፈላውን አይመለከትም ነበር። ሕግ ያጎደለውን ሦስት ወር፣ ያልተከፈተ የሕፃናት ማቆያን፣ የሞግዚቷን ድካም በአንድ ላይ አምጥተን ባትሪ ያለው ጨርቅ ላይ ጫንነው፤ «ዘመናዊ አስተዳደግ» የሚል ስምም ሰጠነው።

ስለዚህ ሁለቱ ጥያቄዎች ይለዩ። እናት ከልጇ ርቃ መሥራት ካለባት መልሱ ሰው ነው፦ የሠለጠነች ተንከባካቢ፣ ቀጣሪ ላላትም ለሌላትም እናት ክፍት የሆነ የሰፈር ማቆያ፣ የረዘመ ፈቃድ። ያንን ከወንበር መጠበቅ ሕፃኑን ዋጋ ማስከፈል ነው። እናት ከልጇ ጋር ሆና መሥራት የምትችል ከሆነ ግን መልሱ ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱን የሚያያይዝ ዕቃ። ዛሬ የሚሸጠው ለመጀመሪያው ችግር በሁለተኛው ስም የቀረበ ነው።

ገዢ «ስንት ሰዓት ይቀመጥልኛል?» የሚለውን ትቶ «ብነሣ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። አስመጪ ማስጠንቀቂያውን በአማርኛ ከመቀመጫው ላይ ያትም፤ የእግር መሀል ቀበቶ የሌለውን አያምጣ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ሥራ ሲሰጡ ከሰንጋ ተራ በርጩማ ይጀምሩ። ከዚህ በኋላም «ይይዝልሻል» የሚል ሻጭ ሲመጣ መልሱ አጭር ነው፦ ልጅ የሚይዘው ሰው ነው፤ ወንበር ቢበዛ ሰውየውን ይረዳል።