ድግሱ በሰው ስንት ይወጣል? የእማዬ ጉልበትስ?

ዛሬ እሁድ ነው፣ ገበያ የለም፣ የዋጋ ሰሌዳም አልለጥፍም። ዛሬ የማወራው ስለ ድግስ ነው። "ይሄ ሰውዬ ከቡናና ከጤፍ ወጥቶ ወጥ ቤት ምን ሊሠራ ገባ?" የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የወጪ ስሌት ነው፣ እናንተንም ይነካል።

ልጄ 80 ቀን የሚሞላት የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ነው። ክርስትና አለብን። የምንደግሰው ኮልፌ እማዬ ግቢ ነው፤ እኛ ያለንበት ኮንዶሚኒየም 110 ሰው አይችልም፣ ኮሚናሉንም ለዚያን ቀን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞታል። ቀኑ ጾም አይደለም፣ ከበዓልም ይርቃል፤ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነኝ። በበዓል ሳምንት ዶሮና እንቁላል ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግርም።

ችግሩ ምግቡ በምን መልክ ይቅረብ የሚለው ነው። ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቴ ኬተሪንግ ይምጣ ትላለች፤ ገና አራስ ናት፣ ሌሊት እንቅልፍ የላትም፣ እውነቷን ነው። እማዬ ደግሞ "በእኔ ግቢ፣ በልጅ ልጄ ክርስትና፣ በመኪና ተጭኖ የመጣ ወጥ? ሰው ምን ይለኛል?" ብላ አልነቃነቅ ብላለች። እኔ መሃል ነኝ። ሻጭና ገዢ ማስማማት እንጀራዬ ነው፣ ሚስትና እናት ማስማማት ግን ኮሚሽንም የለው።

መጀመሪያ ኬተሪንጉን ልንገራችሁ። ሦስት ቦታ ጠየቅሁ። ሁሉም ዋጋ የሚሰጡት በሰው ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዋጋው አንዴ ይቆረጣል፣ ዘይት ቢወደድ ቅቤ ቢጠፋ ጣጣው የእነሱ ነው። አንዱ "ይሄ ዋጋ የሚጸናው ለአምስት ቀን ብቻ ነው" አለኝ። አልፈረድኩበትም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ከእኛስ ውስጥ የአንድ ወር ዋጋ ደፍሮ የሚሰጥ ማን አለ?

ግን የሚሸጡልኝ ምንድን ነው? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው "ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ሦስት ዓይነት የጾም፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፣ ለስላሳ፣ ቡና" ነው። በቃ። ስንት ኪሎ? ዶሮው ለሰው ስንት ብልት? የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ ውስጥ "ጥሩ ቡና፣ በቂ መጠን" ተብሎ በተጻፈ ውል ላይ የሚፈርም አለ? የታጠበ ሲዳማ ደረጃ 2፣ ይሄን ያህል ኩንታል፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ መጋዘን ነው የምንለው። ሚሊዮን ብር ስናንቀሳቅስ እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የቤታችንን ድግስ ሲሆን "አንተ ታውቃለህ" ብለን ቀብድ እንሰጣለን።

ይሄን የምለው ስላየሁ ነው። አምና አንድ ዘመዳችን ቤት ምርቃት ነበር። ለ100 ሰው ተከፍሏል። ስድሳኛው ሰው ጋ ሲደርስ ዶሮው አለቀ። ባለ ኬተሪንጉ ሲጠየቅ "ሰው ሁለት ሁለት ብልት እያነሳ እኮ ነው" አለ። አልዋሸም፤ ውሉም ሁለት አይነሳም አይልም። ከዚያ ሁሉ የከነከነኝ ግን ሰልፉ ነው። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር። አጎቴ በአንድ እጁ ከዘራ፣ በአንድ እጁ ባዶ ሰሃን ይዞ ቆሞ "ምንድን ነው ይሄ፣ የቀበሌ ስኳር ነው እንዴ?" አለ። ሁላችንም ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው አሳፈረኝ። ሽማግሌ ቤታችን ጠርተን ለወጥ ማሰለፍ! ለወጣቱ ቡፌ ይስማማዋል፣ የሚፈልገውን ያነሳል፣ ቆሞም ይበላል። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግን እንግድነቱ እንዲሰማው ምግቡ እሱ ጋ መምጣት አለበት።

ሌላው የሙስሊም እንግዶቻችን ጉዳይ ነው። ከ110 ሰው 18ቱ ሙስሊም ናቸው። ግማሾቹ የጅማና የሐረር ነጋዴ ወዳጆቼ ናቸው፣ ይህን እያነበባችሁ ይሆናል። ግማሾቹ የእማዬ የሠላሳ ዓመት ጎረቤቶች ናቸው። ኬተሪንጎቹን ስጠይቅ ሁለቱ "ችግር የለም፣ እናስተካክላለን" አሉኝ። ይሄ መልስ አይደለም። ማን አረደው? በየትኛው ድስት ተሠራ? ጭልፋውስ? ሦስተኛው ብቻ "የለንም፣ ለእነሱ ሌላ ቦታ እዘዙ" አለ። አከበርኩት። የዋጋውን ነገር ከእሱ ጋር የቀጠልኩትም ለዚህ ነው። የሙስሊሞቹ በግ ጎረቤት ቤት ይታረዳል፣ በእነሱ ድስት ይሠራል፤ እማዬና ጎረቤቷ አንዷ ለአንዷ ድግስ ሲያደርጉት የኖሩት ነው፣ አዲስ ነገር የለውም።

እንግዲህ ወደ ቤት ድግስ ስሌት መጣሁ። ቢሮ ቁጭ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። 10 ዶሮ 120 ብልት ነው፣ ለሰው አንድ ብልት ከአንድ እንቁላል ጋር፤ ስለዚህ 120 እንቁላል። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ብዬ ትንሽ ጨምሬ ሩብ ኩንታል ያዝኩ። ቅቤ፣ ሥጋ፣ ዘይት፣ ጤፍ። በርበሬ ከቤት። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ሰሃንና ጎላ ከእድር። ደመርኩት። ከኬተሪንጉ ግማሽ አካባቢ መጣ። በጣም ደስ አለኝ፤ ማታ ለባለቤቴ ወስጄ አሳየኋት፣ የተረታች መስሎኝ። ወረቀቱን አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦

"ይሄን ሩብ ኩንታል ሽንኩርት ማነው የሚልጠው?"

ወረቀቱ ላይ አልነበረም። እማዬና እህቶቼ ናቸው የሚልጡት፤ ዋጋቸው ዜሮ ብር።

ከሦስት ዓመት በፊት የወንድሜ መልስ ቤት ውስጥ ነበር የተደገሰው፣ ሁሉም በእማዬ እጅ። ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ዶሮ ወጥ የሠራ ሰው ያውቃል። እያንዳንዱ ብልት በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ይታጠባል፣ ቁሌቱ በእንጨት እሳት ላይ ሰዓታት ይፈጃል፣ አንድ ደቂቃ ከላዩ ከተነሳህ ይይዛል። ሙሽሮቹ በእልልታ ሲገቡ እሷ ጓሮ ጭልፋ ይዛ ነበር። ከወር በኋላ አልበሙ መጣ። ተሰብስበን አየነው። ከሁለት መቶ በላይ ፎቶ ነው። እማዬን ፈለግናት። አንድ ላይ ብቻ ነው ያለችው፣ እሱም በሩ ጥግ ትሪ የምታቀብል እጇ። እጇን ያወቅናት በቀለበቷ ነው።

በማግስቱ ደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ተኝታ ወጣች። እሷ ይሄን እንደ ማዕረግ ነው የምታወራው፤ "ግን ሰው ጠግቦ ሄደ" ትላለች። የሐኪም ቤቱንም ብር የድግስ ወጪ ብሎ የጻፈው የለም።

የገበሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አንድ ኪሎ ቡና ገበሬውን ስንት ያስወጣዋል ብለን ስናሰላ ምን እንጽፋለን? ጆንያ፣ ትራንስፖርት፣ የተቀጠረ ለቃሚ ካለ የእሱን ቀን። የሚስቱና የልጆቹስ? ዜሮ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ቡና ይለቀማል፣ የቀላው እየተመረጠ በእጅ። ከዚያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሸፈናል። ያንን የሚሠራው ማነው? ከዚያ እኛ፣ እኔም ጭምር፣ መጥተን "ወጪህ ይሄን ያህል ነው፣ በዚህ ዋጋ ታተርፋለህ" እንላለን። ብዙ ጊዜ ብያለሁ፣ አልክድም። የቤት ድግስ ርካሽ የሚመስለው እንደዚያ ቡና ነው፤ ትልቁ ወጪ መስመር ስላልተሰጠው።

ለእናታችን ደመወዝ እንክፈል እያልኩ አይደለም። ሞክሩት እስቲ፣ በምን እንደምትመታችሁ ታያላችሁ። የምለው ቁጥሩ ይጻፍና ከዚያ ይወዳደር ነው። እኔ ጻፍኩት፤ አንድ የድግስ ወጥ ሠሪ፣ ሁለት ረዳት፣ አንድ ዕቃ አጣቢ፣ አራት አስተናጋጅ፣ ጎረቤት ቤት ለሚሠራውም አንድ ረዳት፣ በወቅቱ የቀን ሂሳብ። በግማሽ ይረክሳል ያልኩት የቤት ድግስ ልዩነቱ ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ። አሁንም ይረክሳል፣ ግን ለዚያች ልዩነት እናቴን ሦስት ሌሊት ላስነሳት?

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ቤት ውስጥ ለሚደረግ የ100 ምናምን ሰው ድግስ ሙሉ ፓኬጅ ኬተሪንግ አልገዛም፣ ሙሉውንም በቤተሰብ ጉልበት አላሠራም። ስምና ሙያ ያለበት ምግብ ከቤት አይወጣም፣ ድካም ብቻ ያለበት ይወጣል። ዶሮና ቀይ ወጥ እማዬ ግቢ በተቀጠረች ወጥ ሠሪ ይሠራል። እማዬ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቀምሳለች፣ ታዛለች፣ ትቆጣለች። የጾም ዓይነቱ፣ አትክልቱና ሰላጣው ከዚያ ሐቀኛ ኬተሪንግ ይመጣል፣ በሰው ሳይሆን በኪሎ፣ ኪሎውም የሚደርስበትም ሰዓት ውሉ ላይ ተጽፏል። መጀመሪያ "እንዲህ አንሸጥም" ብሎ ነበር፤ ትንሽ አከራከረኝና ተስማማ።

እንጀራው ላይ ጦርነት ነበር። እማዬ የገበያ እንጀራ አታምንም፣ በዚህ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ የእህል ደላላ ሆኜ ጤፍ ውስጥ ምን እንደሚቀላቀል ሳላውቅ አልቀረሁም። መፍትሔው ጤፉን እኛ ሰጥተን ጋጋሪዋን መክፈል ሆነ። ለሰው ሦስት እንጀራ ብለን፣ መጠባበቂያ ጨምረን 350 አዘዝን። ሊጡ የሚቦካበት ቀን ስለሚያስፈልግ ጤፉ ረቡዕ ተፈጭቶ እጇ ይገባል።

አቀራረቡም ተቆርጧል። ሽማግሌዎችና እናቶች ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ለአምስት ለስድስት ሰው አንድ ትሪ፣ አስተናጋጅ ዶሮውን በጭልፋ እየዞረ ያወጣል። አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል። አብሮ ሲበላ የሚተርፈውም ያንሳል፤ ቡፌ ላይ ሰው በዓይኑ ያነሳል፣ ግማሹን ሰሃን ላይ ጥሎ ይሄዳል። ወጣቶቹ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያንሱ፣ ለእነሱ ጠረጴዛ ዘርግተናል። ስለ መጠጡ ብዙ አልልም፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ ሌላው ከአከፋፋይ ነው።

ቡናውን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሦስቱም ኬተሪንጎች ፓኬጅ ውስጥ ያለው ቡና በፔርሙዝ ነው። በቡና ደላላ ቤት የፔርሙዝ ቡና! ከዚያ በኋላ እናንተ ዘንድ በምን ፊት እቀርባለሁ? ሦስት ጀበና፣ ሁለት ቡና አፍይ ሴቶች፣ ሦስት ኪሎ ጥሬ ቡና ይዣለሁ፤ ሲቆላ እስከ አንድ አምስተኛ ክብደት ስለሚጥል ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ይተርፋል፣ ለአቦሉም ለቶናውም ይበቃል። ኤክስፖርት ቡና ነው ወይ ብላችሁ በውስጥ መስመር እንዳትጠይቁኝ። ከምናመርተው ግማሹን ገደማ ራሳችን እየጠጣን፣ ጥቁሩንና ሰባራውን ለራሳችን ማስቀረታችን ሁሌም ያናድደኛል። የልጄን ግን ትናንት ማታ ቁጭ ብዬ በእጄ ለቀምኩት፣ አንድ ፍሬ ጥቁር የለበትም።

ድርድሩ ያለበትን ደረጃ ላሳውቃችሁ። እማዬ ወጥ ሠሪዋን ተቀብላለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ቅቤውና መከለሻው በእሷ እጅ ይገባል። ባለቤቴም ተቀብላለች፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ እማዬ ያን ቀን ንጋት ላይ ሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ከእኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች፣ ድስቱን ረዳቶቹ ይጠብቁታል። እማዬ "ቁሌቱን ያሳርሩታል" እያለች ነው፣ ገና አልፈረመችም። ፎቶ አንሺው ግን ተነግሮታል፣ የመጀመሪያው ፎቶ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ነው።

የወጥ ሠሪዋ ቀብድ ተከፍሏል። ሽንኩርቱን የምገዛው በዚያ ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ከእናንተ ውስጥ ጥሩ ደረቅ ሽንኩርት የያዘ ካለ ዋጋውን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ነገ ጠዋት የተለመደው የቡናና የእህል ዋጋ ይለጠፋል።