የተከራየ ምስክር

ሰው አንድ ዕቃ ለመግዛት ሲያስብ ሁለት ዐይነት ቃል ይሰማል። አንደኛው የሻጩ ቃል ነው፤ ሁለተኛው የጎረቤት ቃል ነው። ሻጩ «ከዚህ የሚበልጥ አታገኝም» ሲለን ፈገግ ብለን እናልፈዋለን፤ ወይም የጠራውን ዋጋ በግማሽ ዝቅ አድርገን እንጠይቀዋለን። እንዲህ የምናደርገው ሻጩን ስለምንጠላው አይደለም፤ ከመሸጡ የሚያገኘው ጥቅም እንዳለ ስለምናውቅ ነው። ጎረቤታችን ግን «እኔ ገዝቼው ሁለት ዓመት አገልግሎኛል» ያለን እንደ ሆነ ብዙ ሳንከራከር ገንዘባችንን እናወጣለን። ከጎረቤታችን ቃል በስተጀርባ ትርፍ የለም ብለን እናምናለንና።

ዛሬ የምናነሣው ሦስተኛ ዐይነት ቃል ነው፤ ይኸውም ጎረቤት መስሎ የሚናገር የሻጭ ቃል ነው።

በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ብዙ ተከታይ ያላቸውን ሰዎች «ተጽዕኖ ፈጣሪዎች» እንላቸዋለን። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ከቤታቸው ሆነው ያወጉናል፤ ምሳቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ልጃቸውን ያሳዩናል። ተመልካቹም ውሎ አድሮ ሳያስበው እንደ ዘመድ ይቆጥራቸዋል። በዚህ ዝምድና መካከል አንድ ቀን አንድ ቅባት፣ አንድ ጫማ፣ ወይም የአንድ ኮሌጅ ስም ብቅ ይላል። «እኔ የምጠቀመው ይኸንን ነው» ይባላል። ቃሉ ከልብ የመጣ ይሁን ከነጋዴ ኪስ፣ ተመልካቹ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አንድ የታወቀ ምሳሌ ያስረዳናል። (የውጭ አገሩን ታሪክ ስናነሣ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።) ሎርድ ኤንድ ቴይለር የሚባለው የአሜሪካ የልብስ መደብር በ2015 ለ50 የፋሽን ተጽዕኖ ፈጣሪዎች አንድ ዐይነት ቀሚስ በነጻ ሰጣቸው፤ በላዩም ለእያንዳንዳቸው ከ1,000 እስከ 4,000 ዶላር ከፈላቸው። ሁሉም በአንድ የሳምንት መጨረሻ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው የተነሡትን ፎቶግራፍ በኢንስታግራም አወጡ። የመደብሩን ስም እንዲጠቅሱ በውላቸው ታዟል፤ ጽሑፋቸውንም መደብሩ አስቀድሞ እያየ ያጸድቅላቸው ነበር። መከፈላቸውን እንዲናገሩ ግን ውሉ አላዘዘም፤ እነሱም አልተናገሩም። ፎቶግራፎቹ 11.4 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ደረሱ፤ ቀሚሱም ተሸጦ አለቀ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ነገሩን መርምሮ መደብሩን ከሰሰ፤ በ2016ም መደብሩ እንዲህ ያለውን ሥራ እንዳይደግም የሚያስገድድ ስምምነት ተፈረመ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ቀሚሱ መጥፎ ነበር ያለ ሰው የለም። ከሃምሳዎቹ መካከልም ቀሚሱን ከልባቸው የወደዱት ሊኖሩ ይችላሉ። ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው ቢባል፣ ተመልካቹ ሃምሳ ሰዎች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ዐይን አይተው የመረጡት ቀሚስ መሰለው። እውነቱ ግን ሃምሳ ምስክር መስሎ የቆመው አንድ ኪስ ነበር።

«ታዲያ ሰው በሥራው ገንዘብ መቀበሉ ነውር ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ነውር አይደለም። በገንዘብ የሚያመሰግን ሰው ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ አዝማሪ አለን። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከፊታችን ይቆምና መልካችንን ከጨረቃ፣ ቁመናችንን ከዝግባ ጋር ያስተካክለዋል፤ እኛም ብር አውጥተን ግንባሩ ላይ እንለጥፍለታለን። ከዚያ በኋላ ምስጋናውን ምንም ያህል ቢያበዛው በቤቱ ውስጥ ካለው ሰው አንድም የሚታለል የለም፤ ዋጋው ግንባሩ ላይ ተለጥፎ ይታያልና። ደላላም እንደዚሁ ነው። ቤት ሲያከራየን ኮሚሽን እንዳለው ስለምናውቅ፣ «ፀሐይ የሚገባበት ቤት ነው» ሲለን መስኮቱን ራሳችን ከፍተን እናያለን። አዝማሪውም ደላላውም እንጀራቸውን በሐቅ ይበላሉ። ጥፋቱ የሚመጣው አዝማሪው ብሩን በኪሱ ደብቆ፣ ማሲንቆውን ከደጅ ትቶ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ከአጠገባችን ተቀምጦ ስለ ጋባዡ ቸርነት በጆሯችን ያንሾካሾከልን እንደ ሆነ ነው።

በቅርቡ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቅርቤላቸው ነበር። «የምትከታተሉት ሰው አንድን ዕቃ ሲያመሰግን ተከፍሎት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?» አልኋቸው። አንዱ «ምስጋናው ከበዛ ተከፍሎታል ማለት ነው» አለ። ሌላው «የዋጋ ቅናሽ የሚያስገኝ ቁጥር ከሰጠ ተከፍሎታል» አለ፤ ይኸ ደኅና መልስ ነው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «እሷ ገንዘብ ብትቀበል ኖሮ ትነግረን ነበር» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ለመሳቅ አልቻልሁም። የልጅቱ መልስ የሞኝ መልስ አይደለም፤ የወዳጅ መልስ ነው። ወዳጅ ከወዳጁ የሚጠብቀው ይኸንኑ ነው። በገበያው ላይ የሚሸጠውም ይኸው እምነት ነው እንጂ ቅባቱ አይደለም። ቅባቱማ ድሮም ከሱቁ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጋዴው ለአስተዋዋቂዋ ገንዘብ የሚከፍለው የዚችን ልጅ እምነት ለመግዛት ነው። ልጅቱ ግን ከሽያጩ የደረሳት ነገር የለም፤ እምነቷ መሸጡንም አላወቀችም።

አንዳንዶች ደግሞ «ማስታወቂያ» የምትል ቃል ከጽሑፉ ግርጌ ጣል ማድረግ ይበቃል ይላሉ። ለዚህ የኪም ካርዳሺያን ጉዳይ መልስ ይሰጣል። ይህች ስመ ጥር አሜሪካዊት በጁን 2021 ኢቴሪየም ማክስ የሚባል የክሪፕቶ ገንዘብ በኢንስታግራም ለተከታዮቿ አስተዋወቀች። አቀራረቧም ወዳጆቿ የነገሯትን ነገር ለሌሎች እንደምታካፍል ሰው ነበር። ከግርጌው፣ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ተደባልቃ፣ ማስታወቂያ መሆኑን የምታመለክት አጭር ቃል ነበረች። 250,000 ዶላር እንደ ተከፈላት ግን አልተናገረችም። የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2022 ጉዳዩን ይፋ አደረገ፤ እሷም ጥፋቱን ሳታምን ሳትክድ 1.26 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

የሚገርመው ኮሚሽኑ የጠቀሰባት ሕግ ለኢንስታግራም የወጣ አለመሆኑ ነው። ሕጉ የወጣው በ1933 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የኒውዮርኩ እንደራሴ ፊዮሬሎ ላጓርዲያ በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ፣ አክሲዮን በጋዜጣ ላይ እንዲያሞግሱ ለጋዜጠኞች የተከፈሉ ቼኮችን አሳይቶ ነበር። አንባቢው የጋዜጠኛውን ሐሳብ ያነበበ መስሎት ያጠራቀመውን ገንዘብ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ሕጉ አክሲዮንና ይኸንን የመሰለውን ሰነድ ተከፍሎት የሚያሞግስ ሰው መከፈሉን ብቻ ሳይሆን የተከፈለውን መጠን ጭምር እንዲገልጽ አዘዘ። እንግዲህ በሽታው አሮጌ ነው፤ አዲስ የሆነው ተሸካሚው ብቻ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው የአባቶቻችን ተረትም ላሚቱን ለማስተዋወቅ የተከፈለው ሰው መኖሩን አልነገረንም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የምጽዋት ስም የገባበት ጉዳይ ነው። በ2022 የገና ሰሞን ኪያራ ፌራኚ የተባለችው የኢጣልያ ተጽዕኖ ፈጣሪ፣ ባሎኮ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ሆና ስሟ ያለበትን ፓንዶሮ አስተዋወቀች፤ ፓንዶሮ ኢጣልያኖች ለገና የሚበሉት ጣፋጭ ዳቦ ነው። ተራው ከ4 ዩሮ በታች ሲሸጥ የእሷ ስም ያለበት ከ9 ዩሮ በላይ ይሸጥ ነበር። ማስታወቂያው ገዢው በቱሪን ከተማ የሚገኘውን የሬጂና ማርጌሪታ የሕፃናት ሆስፒታል የሚረዳ እንዲመስለው የሚያደርግ ነበር። የኢጣልያ የንግድ ውድድር ባለሥልጣን በዲሴምበር 2023 እንዳስታወቀው ግን ባሎኮ ለሆስፒታሉ 50,000 ዩሮ የሰጠው ሽያጩ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተሸጠው ቢበዛም ቢያንስም ለሕፃናቱ የሚጨምርላቸው ነገር አልነበረም። የፌራኚ ኩባንያዎች በበኩላቸው ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አግኝተዋል። ባለሥልጣኑ በኩባንያዎቿ ላይ ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ፣ በባሎኮ ላይ ደግሞ 420,000 ዩሮ ቅጣት ጣለ። እሷም በቪዲዮ ይቅርታ ጠይቃ ለሆስፒታሉ 1 ሚሊዮን ዩሮ እንደምትሰጥ ተናገረች። ነገር ግን ከደመወዙ 5 ዩሮ ጨምሮ «ለታመመ ሕፃን ረዳሁ» ብሎ ደስ ብሎት የተኛው ሰው፣ የተወሰደበት ገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ ስለ ሕፃናት ሲለመን እጁን ይሰበስባል።

መንግሥታትም ነገሩን ችላ አላሉትም። ፈረንሳይ በጁን 2023 ተጽዕኖ ፈጣሪዎችን የሚመለከት ሕግ አውጥታ፣ አጥፊው እስከ 2 ዓመት እስራትና እስከ 300,000 ዩሮ መቀጮ እንዲደርስበት ደንግጋለች። በአገራችንም የማስታወቂያ ዐዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይኸ ዐዋጅ በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሲወጣ ግን ቲክቶክ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም ነበር። ሕግ ዘወትር ከኋላ ነው የሚደርሰው፤ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሞላው የሰው ኅሊና ነው።

ይኸን ስል ነገሩ የታላላቅ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ሦስት ሺህ ተከታይ ያለው ተማሪ እንኳ ከአንድ ሱቅ ጫማ በነጻ ይሰጠውና «ራስህ ገዝተህ እንደ ወደድኸው አድርገህ ተናገር» ይባላል። ከዚህ ጽሑፍ አንባቢዎችም ነገ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቀርብላቸው አሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች መለኪያውን ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ባለጉዳይ ስጦታ ይዞ ወደ ጠረጴዛችሁ ሲመጣ፣ «ይኸንን ከአለቃዬና ተራ ከሚጠብቁት ሰዎች ፊት ልቀበለው እችላለሁን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነገሩን ይለየዋል። በእርግጥ የመንግሥት ሠራተኛ እጅ መንሻውን በይፋ ቢቀበለውም ጥፋት ነው፤ አስተዋዋቂ ግን በይፋ ከተቀበለው የላቡ ዋጋ ነው። ቢሆንም ሁለቱንም የሚመረምራቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ ተገልጋዩ ቢያየኝ አፍራለሁ ወይ?

መናገሩም አስቸጋሪ አይደለም። የአሜሪካው የንግድ ኮሚሽን በ2017 ከ90 በላይ ለሆኑ ተጽዕኖ ፈጣሪዎችና ድርጅቶች በጻፈው ደብዳቤ፣ በእጅ ስልክ ላይ ተመልካቹ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ብቻ ስለሆነ፣ መከፈሉ ከዚያ በላይ እንዲጻፍ አሳስቧል። በቪዲዮ የሚናገር ሰው በቃሉ ይናገረው፤ በአማርኛ ያወጋ ሰው በአማርኛ ይናገረው። ሩብ ሰዓት ሙሉ በጣፈጠ አማርኛ ስለ ቅባቱ ሲያጫውተን ቆይቶ፣ መከፈሉን ከጥግ ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ፊደል የሚጽፍ ሰው አልነገረንም፤ ደበቀን። «ይኸ ድርጅት ከፍሎኛል» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል።

«እንደዚያ ካልሁ ማን ያምነኛል?» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ሲነገር የማይታመን ከሆነ ሲሸጥ የነበረው መደበቁ ነበር ማለት ነው።

እኛ ተመልካቾችም ያለብን ድርሻ አለ። ገንዘባችንን ከማውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። ከዚህ ዕቃ መሸጥ የሚጠቀመው ማን ነው? ይኸ ሰው አንድን ዕቃ «አይረባም» ሲል ሰምተነው እናውቃለን ወይ? ዕቃውን የገዛ፣ ተከታይ የሌለው ተራ ሰውስ ምን ይላል? የወር ደመወዝ ለኪራይና ለአስቤዛ ተከፋፍሎ የምትተርፈውን ጥቂት ብር ሦስቱ ጥያቄዎች ሊጠብቁልን ይችላሉ።

እኔም የምሰብከውን ልፈጽም። ይኸንን ጽሑፍ በመጻፌ የምቀበለው መጽሔቱ ለዓምዱ የሚከፍለኝን ብቻ ነው። ስማቸውን ካነሣኋቸው ድርጅቶች አንዱም ቀሚስም ሆነ ፓንዶሮ አልላከልኝም።