ጥላው ሰውን ይከተል

በዚህ ዘመን በልዩ ልዩ አገር መድረክ ላይ የሚታይ አንድ ዓይነት ትርዒት አለ። አንድ ሰው ፒያኖ ይመታል፤ በስተኋላው በተዘረጋው መጋረጃ ላይም በብርሃን የተሣለ ምስል ይወዛወዛል። ሙዚቃው ሲፈጥን ምስሉ ይፈጥናል፤ ሲያዘግምም ያዘግማል። ይህን ያዩ ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ሲከራከሩ እሰማለሁ። አንዱ ወገን «ምትሃት እንጂ ጥበብ አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «መሣሪያው ሁሉን ከሠራልን፥ በልምምድ ዓመታትን መፍጀት ሞኝነት ነው» ይላል። እኔ ሁለቱንም እቃወማለሁ፤ አብልጬ የምቃወመው ግን ሁለተኛውን ነው፤ ወጣቶችን የሚያሰንፍ እርሱ ነውና።

ምትሃት ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። አሠራሩ የተገለጠ ነገር ምትሃት አይባልም። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ጃፓናውያኑ ሙዚቀኛው ርዩይቺ ሳካሞቶና ሠዓሊው ቶሺዮ ኢዋይ በሚቶ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ አሳይተው ነበር። ሳካሞቶ ፒያኖውን ሲመታ፥ የትኛው ቁልፍ በምን ያህል ኀይል እንደ ተመታ በቁጥር ተለውጦ ወደ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ ኮምፒዩተሩም ወዲያው ከፒያኖው ወደ ላይ የሚፈልቅ ብርሃን ይሥላል። ከዚህም አስቀድሞ በ1965 በኒውዮርክ፥ መርስ ከኒንግሃምና ጆን ኬጅ ባዘጋጁት ትርዒት፥ ተወዛዋዦቹ በመድረኩ ላይ በተተከሉት አንቴናዎች አጠገብ ሲያልፉ እንቅስቃሴያቸው ድምፅ ያስነሣ ነበር።

ድካምን ለሚንቁት ግን የምጠይቀው አለኝ። መሣሪያው ውዝዋዜን ከማን ተማረ? በ1999 ከኒንግሃም «ባይፔድ» የተባለውን ሥራ ባሳየ ጊዜ፥ ከሕያዋኑ ተወዛዋዦች ፊት በተዘረጋው ስስ መጋረጃ ላይ የብርሃን ሰዎች ታይተዋል። ነገር ግን እነዚያ ምስሎች የተገኙት ምልክት በአካላቸው ላይ ተለጥፎ እንቅስቃሴያቸው ከተመዘገበ እውነተኛ ተወዛዋዦች ነው። ብዙ ዘመን የደከመ አካል ባይኖር ኖሮ፥ የሚመዘገብ ነገር ባልነበረም። መሣሪያው የተሰጠውን ያጎላል፤ ያልተሰጠውን አይወልድም። ያልተማረ እጅ ፒያኖውን ቢመታም፥ አለማወቁን በትልቅ መጋረጃ ላይ ያሳይበታል።

ሌላም የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። አንዳንዱ ትርዒት «ሙዚቃውና ምስሉ ይነጋገራሉ» ተብሎ ይታወጃል፤ ሲመረመር ግን ምስሉ አስቀድሞ ያለቀ ፊልም ነው። ሙዚቀኛው ፍጥነቱን የሚያዝዝ ምት በጆሮው እየሰማ ይከተለዋል። እርሱ ጥቂት ቢዘገይ ምስሉ አይጠብቀውም። ይህ ጌታና ሎሌ እንጂ ጭውውት አይደለም። ፊልምን በሙዚቃ ማጀብ የሚያስነቅፍ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን በስሙ ይጠራ።

ጭውውት ምን እንደ ሆነ እኛ ከአዝማሪ እናውቃለን። «ተቀበል» ያለውን ሰው ግጥም ተቀብሎ ወዲያው ያዜማል፤ እስክስታ የሚወርደውንም ሰው ትከሻ እያየ ማሲንቆውን ያፈጥናል፥ ያዘገያልም። አንዱ ለሌላው ጆሮ ይሰጣል። የኮምፒዩተሩም ሥራ የሚመሰገነው ሰውን እንዲህ ሲሰማ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ትርዒት ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ። መጀመሪያ፥ ማን ማንን ይጠብቃል? ሁለተኛ፥ መብራት ቢጠፋ ምን ይቀራል? ምስሉ ይጠፋል፤ መጋረጃውም ባዶ ጨርቅ ይሆናል። እጁን ያስተማረ ሰው ግን በጨለማም ፒያኖውን ይመታል፤ ሰሚውም ከመቀመጫው አይነሣም። ልምምድን ንቆ በመሣሪያው ብቻ የተመካው ሰው ያን ጊዜ «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» እንደተባለው ይሆናል። መሣሪያውንም አጥኑት፥ እዘዙትም፤ ነገር ግን አስቀድማችሁ እጃችሁን አስተምሩ።