የባል ዝምታ

«ሚስቱ ትመታዋለች» ሲባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። ሳቃችን ግን የተጎጂውን አፍ ይዘጋዋል። ዱላው ቢቀር እንኳ ስድቡና ማዋረዱ በየቀኑ ሲደራረብበት እንቅልፍ ያጣል፤ በትንሽ ኮሽታ ይደነግጣል፤ ከዒሻ ሶላት በኋላ ጀመዓው ሲበተን ወደ ቤቱ ለመሄድ እግሩ ይከብደዋል። አንዳንዱ ጭንቀቱን በጫት ሊረሳ ይሞክራል፤ መኖርን እስከ መጥላት የሚደርስም አለ። እኛ ደግሞ «ሶብር አለው» እያልን እናሞግሰዋለን! በደልን በሐፍረት መደበቅ ከመቼ ወዲህ ነው ሶብር የሆነው?

በሴቶች ላይ የሚደርሰው በደል እንደሚበዛ አንዘነጋም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ግን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ሲያስቀጣ ባልና ሚስት አልለየም፤ የአእምሮ ጤና ጉዳትንም ከአካል ጉዳት ጋር ቆጥሮታል። ወንድሞች ሆይ፣ ጓደኛችሁ ገመናውን ካዋያችሁ ሳትስቁ አድምጡት፤ ሽማግሌም ሐኪምም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።